ድንጋዩ ላይ የሚቆመው

በዘጠኝ ዓመቴ ከልደታ ማርያም እስከ ተክለ ሃይማኖት ድረስ ከእኔ የተሻለ ጌም ተጫዋች አልነበረም። ይህን ያልኩት እኔ ብቻ ብሆን ጉራ ነው ይባል ነበር፤ ግን ሀብተሥላሴም በገዛ አፉ ብሎታል። ሀብተሥላሴ ማለት ደግሞ ሰው ከሚያመሰግን ጥርሱን ቢነቅሉት የሚመርጥ ልጅ ነበር። ዝናዬ የቆየው ለጥቂት ቀናት ነው። እኔ ግን እነዚያን ቀናት እንደ ሜዳሊያ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ኖርኩ፤ ያወለቅኳቸው ባለፈው ክረምት ነው።

ዛሬ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። ቀን የሐኪም ጽሑፍ ሳነብ እውልና ቤቴ ስገባ አሮጌ ጌም እጫወታለሁ። "ሀያት፣ ሰው በዚህ ዕድሜው ልጅ ያሳድጋል፤ አንቺ ጌም ታሳድጊያለሽ" ይሉኛል የሥራ ባልደረቦቼ፤ እውነታቸውን ነው። አልጋዬ ሥር ካርቶን ሙሉ አለኝ። በእጅ የሚያዝ፣ ስክሪኑ የደበዘዘ አለ፤ የባትሪው ክዳን ጠፍቶ በላስቲክ የታሰረ አለ፤ አንዱ ቁልፉ ካልተመታ የማይሠራም አለ። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጡት ልጆች ገና ከሩቅ ሲያዩኝ "ሙዚየሟ መጣች!" ይላሉ። ማንም ዞር ብሎ የማያየውን ዕቃ ለእኔ ያስቀምጡልኛል።

ባለፈው ክረምት ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኝ፣ ባለ ሁለት ጆይስቲክ፣ ካሴት የሚሰካበት ማሽን አገኙልኝ።  ለዚያ ማሽን የሚሆን አንድ ካሴት ከልጅነቴ ጀምሮ አለኝ። ቢጫ ነው፤ ቁም ሣጥኔ ውስጥ በአንድ ትልቅ ነጭ ቆብ ተጠቅልሎ ይኖራል። ቆብ ስል ራስ ላይ የሚደረግ ቆብ ማለቴ ነው፤ ግን እስካሁን የሚሆነው ራስ አልተገኘም። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ያደግኩት ከአያቴ ጋር ነው። ቢልቂስ ትባላለች፤ የወሎ ሰው ናት፤ እኔ "እማማ" ነበር የምላት። ልደታ ውስጥ፣ አሁን ኮንዶሚኒየሙ በቆመበት ቦታ፣ አንድ ቧንቧ የሚጋሩ ጎረቤቶች የሚኖሩበት ግቢ ነበረን። እማማ በኪሮሽ የሶላት ቆብ ትሠራ ነበር። ነጭ ክር ከጣቷ ላይ ጠፍቶ አይቼ አላውቅም፤ ስታወራም፣ ስትቆጣም፣ ሰው ስትሸኝም ትሠራለች። እናቴ ሀሚዳ ደግሞ ጅዳ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ስትሄድ ትንሽ ልጅ ስለነበርኩ መልኳን የማውቀው በፎቶ፣ ድምጿን የማውቀው በስልክ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ለማድረግ ዓይኔን መጨፈን ነበረብኝ።

በግቢው ስልክ ያለው እትዬ ኮከቤ ቤት ብቻ ነው። እትዬ ኮከቤ የጋሽ ወልደገብርኤል ሚስት፣ የሀብተሥላሴ እናት ናት። ስልኩ እማማ የሠራችለትን ዳንቴል ለብሶ ቡፌው ላይ ይቀመጣል፤ ከስልኩ አጠገብ ቴሌቪዥኑ አለ፤ ከቴሌቪዥኑ ፊት ደግሞ ጌሙ። በዓለም ላይ ያለ ጥሩ ነገር ሁሉ ያለው በዚያ ቡፌ ላይ ይመስለኝ ነበር።

እናቴ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ትደውላለች። እማማ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ "ሀሚዳ፣ ልጄ፣ ትበያለሽ ወይ?" ትላታለች። ሌላ ወሬ ቢኖራት እንኳ መጀመሪያ ይህን ሳትጠይቅ አትቀጥልም። ከዚያ ተራው የእኔ ይሆናል።

"እማዬ፣ መቼ ነው የምትመጪው?"

"ሐጅ ይለፍ እንጂ፣ ያን ጊዜ እመቤቲቱ ትለቀኛለች። ምን ላምጣልሽ?"

"ጌም!"

"ደግሞ ጌም ምንድነው?"

ነገርኳት። ሁለት ሰዎች እንዳሉ፣ ወንዝ እንዳለ፣ ሀብተሥላሴ ክፉ እንደሆነ፣ የራሴ ጌም ሲኖረኝ እሱን በር ላይ እንደማስቆመው ነገርኳት። ሳቀች፤ ሳቋ በሳል ተቋረጠ። "የጅዳ አቧራ ነው" አለችኝ። እኔ ግን ሳሉን ከመስመሩ ጩኸት ጋር ደባልቄው ስለነበር ምንም አልመሰለኝም። ዛሬ እንደዚያ የሚያስል ሰው ፋርማሲው በር ላይ ሲደርስ፣ ገና መልኩን ሳላይ አውቀዋለሁ። ሽሮፕ አልሸጥለትም፤ ሐኪም ቤት ሂድ ነው የምለው። እናቴን ሂጂ የሚላት አልነበረም።

"እኔ እኮ ጌም መጫወት አላውቅም" አለችኝ።

"አሳይሻለሁ። እስክትመጪ ድልድዩን ጨርሼ እጠብቅሻለሁ።"

"እሺ፣ ጨርሰሽ ጠብቂኝ።"

ቃል ለምድር ለሰማይ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጌሙን መጨረስ ለእኔ ጨዋታ መሆኑ ቀረ። ካልጨረስኩት እናቴ የማትመጣ መሰለኝ።

"ድልድዩ" የምንለው ጌሙን ነው። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ አልነበረም፤ ካሴቱ ላይ ያለው ጽሑፍ የማናውቀው ፊደል ነው። አንድ ቀይና አንድ ሰማያዊ ትንንሽ ሰዎች አሉ። እየሮጡ እየዘለሉ ወንዝ ዳር ይደርሳሉ። ድልድዩ የሚዘረጋው ግን አንደኛቸው ከወዲህ በኩል ያለው ድንጋይ ላይ ሲቆም ብቻ ነው። አንዱ ይቆማል፣ ሌላው ይሻገራል። የተሻገረው ማዶ ሲደርስ ድልድዩ ይታጠፍና ውሃው ሞልቶ የቆመውን ይወስደዋል። የቆመው ላይፍ ከተረፈው ማዶ ብቅ ብሎ ይቀጥላል፤ ካለቀበት ጆይስቲኩን አስረክቦ ይነሳል። ቀዩ የሀብተሥላሴ ነው። ሁልጊዜ የሚሻገረው እሱ ነው። እኛ የግቢው ልጆች ተራ በተራ ሰማያዊውን እየያዝን እንቆምለታለን።

"ቁሚ! ቁሚ እንጂ፣ ፋራ!" ይለኛል። ውሃው ሲወስደኝ ደግሞ "ሞተሻል፣ ልቀቂ!" ይላል። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነው፤ ኩራቱ ግን የቀበሌ ሊቀመንበር ያክላል።

እንዲህ እያለ ግንቦት ልደታ ሲቃረብ፣ አንድ ዓርብ፣ እናቴ ሳትደውል ቀረች። እትዬ ኮከቤ በሯ ላይ ሆና "ስልኩ ተበላሽቷል" አለችን። እማማ "ምን ይደረግ፣ የሰው እጅ ሥራ ነው" ብላ ተመለሰች።

በማግስቱ ሀብተሥላሴ ራሱ ቤታችን ድረስ መጣ። ዓይኑ ቀልቷል። እትዬ ኮከቤ ገርፋዋለች ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

"ነይ እንጫወት" አለኝ።

"ተራዬ ነው?"

"ነይ አልኩሽ እኮ።"

ገብተን ተቀመጥን። ካሴቱን አውጥቶ እፍ፣ እፍ አለበት። መልሶ ሰካውና አንደኛውን ጆይስቲክ፣ የቀዩን፣ እጄ ላይ አስቀመጠው። የሚያሾፍብኝ መስሎኝ አየሁት፤ እሱ ግን ቴሌቪዥኑን ነው የሚያየው። የመጀመሪያው ወንዝ ጋ ስንደርስ ሰማያዊውን ይዞ ሄደና ድንጋዩ ላይ ቆመ።

"ተሻገሪ" አለኝ።

ተሻገርኩ። ውሃው ወሰደው። ሁለተኛውም ጋ ቆመልኝ። ላይፉ ሲያልቅ አልተናደደም፤ እንደገና ከፈተውና "አሁንም ቀዩን ያዢ" አለኝ። ሌሎቹ የግቢው ልጆች በር ላይ ተደርድረው ሲያዩ አባረራቸው። "ሀያት ትጫወትበት! በልደታ ከእሷ የሚበልጥ የለም!" አላቸው። እንግዲህ ይህን ነው በገዛ አፉ ብሎታል ያልኳችሁ።

እትዬ ኮከቤ ዳቦ በማርማላታ ቀብታ አመጣችልኝ። እየተጫወትኩ ከኋላዬ ተቀምጣ ፀጉሬን ፈታችና ሹሩባ ሠራችኝ። በመሃል ትነሳና ጓዳ ትገባለች፤ ስትመለስ ፊቷ ታጥቦ ነው። ጉንፋን ይዞኛል ትላለች። ጋሽ ወልደገብርኤልም ጉንፋን ይዟቸው ነበር። ሌላ ቀን ቢሆን "አንቺ የሀሚዳ ልጅ፣ ቁመትሽን የት ጣልሽው?" ሳይሉኝ አያልፉም፤ ያን ቀን ግን ግንባሬን ስመው መሃረባቸውን እያወጡ ወጡ። ወደ ማታ ሱቅ ብላክ፣ የነስረዲንም አፍንጫ ቀልቷል። ነስረዲን እንኳን ለልጅ ለገዛ ወንድሙ በነፃ የማይሰጥ ነው እየተባለ የሚታማ ባለሱቅ ነው። እጁን ከረሜላው ውስጥ ከትቶ አፍሶ ሰጠኝና "ሂጂ፣ እቴ" አለኝ። በዚያ ሳምንት ግቢያችን በሙሉ ጉንፋን ይዞት ነበር።

አሁን የማውቀውን እዚህ ላይ ልንገራችሁ። ያን ዓርብ ጠዋት ጀነት የምትባል፣ ከእናቴ ጋር ጅዳ የምትሠራ ሴት እትዬ ኮከቤ ቤት ደውላ ነበር። ሀሚዳ ሐኪም ቤት ከገባች ሰንብታ ኖሮ ሐሙስ ማታ አረፈች፤ እዚያው ቀበሯት። ስልኩ አልተበላሸም። ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል፤ ያልሰማነው እማማና እኔ ነን። መርዶ ደግሞ እንደ ተራ ወሬ በር ላይ ቆመው አይነግሩትም። በማለዳ፣ ከፀሐይ በፊት፣ ሽማግሌ ይዞ፣ ዘመድ ባለበት ነው የሚነገረው። ለእማማ የቀራት ልጅ አጎቴ ሁመድ ነው፤ ኮምቦልቻ ይኖራል፤ ያን ሰሞን ዕቃ ጭኖ ወደ አፋር ወርዷል። እሱ እስኪደርስ ይቆይ ተባለ። "እስከዚያ ልጅቷ ከዚህ እንዳትጠፋ፤ ጌም አጫውታት" አለችው እትዬ ኮከቤ ልጇን። "አንዴ ብታሸንፋት ወየውልህ!"

ሀብተሥላሴ ቀዩን በሰጠኝ ማግስት ስንጫወት ስልኩ ጮኸ። ጆይስቲኩን ጥዬ "እማዬ ናት!" ብዬ ተነሳሁ። እትዬ ኮከቤ ከጓዳ ሮጣ ቀደመችኝ። ጀርባዋን ሰጥታን በሹክሹክታ አወራች፤ ከወሬዋ የሰማሁት "ከኮምቦልቻ መቼ ትነሳለህ?" የሚለውን ብቻ ነው። ዘግታ ዳንቴሉን መልሳ አለበሰችው።

"እትዬ፣ ስልኩ ተሠራ?"

"አልተሠራም፣ የኔ እናት። የሰው መስመር እየገባበት ነው።"

ሀብተሥላሴ "ተሻገሪ፣ ሀያት፣ ተሻገሪ" አለኝ። ድንጋዩ ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።

ያን ዕለት አመሻሽ ላይ ለእማማ ድሌን ተረኩላት። መስኮቱ ሥር ተቀምጣ አዲስ ቆብ ጀምራለች፤ የጀመረችው መሃል አናቱን ነው።

"እማማ፣ ሀብተሥላሴ ቀዩን ሰጠኝ እኮ።"

"ጎበዝ" አለች ቀና ሳትል።

"ራሱ ድንጋዩ ላይ ይቆምልኛል። ትናንትም፣ ዛሬም።"

"ጎበዝ የኔ ልጅ።"

"እትዬ ኮከቤ ደግሞ ሹሩባ ሠራችኝ፣ ዳቦ በማርማላታ ሰጠችኝ። ጋሽ ወልደገብርኤል ግንባሬን ሳሙኝ፤ ስለ ቁመቴ ምንም አላሉኝም።"

ኪሮሹ ዘገየ።

"ነስረዲንም ከረሜላ ሰጠኝ። በነፃ!"

ኪሮሹ ቆመ። "ነስረዲን?" አለች።

"አፍሶ ነው የሰጠኝ!"

"ስልኩስ? ተሠራላቸው?"

"አልተሠራም፤ ግን ይጮኻል። የሰው መስመር ነው የሚገባበት። እትዬ ኮከቤ ከኮምቦልቻ መቼ ትነሳለህ እያለች ስታወራ ነበር።"

እማማ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ መስኮቱን አየች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ዱዓ የምታደርግ መሰለኝ። በኋላ ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ እንደ ወትሮው ነው።

"ጌሙ ሊያልቅልሽ ነው?" አለችኝ።

ከዚያ በፊት ስለ ጌሙ ጠይቃኝ አታውቅም። ደስ አለኝ። "ትንሽ ነው የቀረኝ። እማዬ ሳትመጣ እጨርሰዋለሁ።"

"እንግዲያው ነገም ሂጂ። ጨርሺው።"

ክሯን አንስታ ቀጠለች። በመጨረሻ የጌም ነገር ገባት ብዬ ተኛሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት በልጅነቴ ካሳለፍኳቸው ሁሉ ደስ የሚሉት ናቸው። ከትምህርት ቤት እንደተመለስኩ ወደ ቡፌው እሮጣለሁ። የማላውቃቸው ወንዞች ጋ ደረስኩ። ቤቴ ስመለስ እማማ ትጠይቀኛለች፤ እኔም ሁሉንም እነግራታለሁ። እትዬ ኮከቤ ጨው ልበደር እያለች ጠዋትና ማታ ብቅ ትላለች፤ ጨው መቼም በግቢያችን እንደዚያ ተወዶ አያውቅም። እማማም ታስቀምጣታለች። ለግንቦት ልደታ ንፍሮ ባቄላው ከማን፣ ስንዴው ከማን እንደሚመጣ ያወራሉ፤ እኛም እንደየዓመቱ የድርሻችንን እንደምናዋጣ እማማ ትነግራታለች፤ ይሳሳቃሉ። ጥርስ ባዳ ነው ይባል የለ። እማማ ምግብ ሲቀርብ "ጾመኛ ነኝ" ትላለች። ለካ በጾም ያለፈው ቀን ሁሉ ጾም አልነበረም።

ቆቡ ደግሞ እያደገ ሄደ። የሶላት ቆብ አናቱ ሰፋ ካለ በኋላ ወደ ታች ይወርዳል፤ ያኛው ግን መስፋቱን አላቆመም።

"እማማ፣ ይሄ የማን ራስ ነው?"

"የአላህ ፍጥረት ብዙ ነው" አለችኝ። እኔ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም፤ አንድ ዙር ጨርሳ ሌላ ጀመረች።

አንድ ቀን ማለዳ በውሃ በራሰ አፈር ሽታ ነቃሁ። ወለሉ ተረጭቶ ተጠርጓል። ፍራሹ ተጠቅሎ ጥግ ቆሟል፤ ሣጥኑና ዕቃው ወደ አንድ ግድግዳ ተገፍቶ መሃሉ ለሰው መቀመጫ ባዶ ሆኗል። በሩ አልተቆለፈም። እማማ ነጭ ለብሳ፣ ሱብሂ ሰግዳ፣ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች።

"እማማ፣ ምንድነው?"

"እንግዳ ይመጣል" አለችኝ።

አወቅኩት! እናቴ ናት። ጌሙን ይዛልኝ እየመጣች ነው፤ እኔም የቀረኝ አንድ ድልድይ ብቻ ነው፤ አንዱን ደግሞ አብረን እንጨርሰዋለን። የኢድ ቀሚሴን አውጥቼ ለበስኩ። እማማ አየችኝ፤ አትልበሺ አላለችኝም። ቁልፉን ከኋላ ቆለፈችልኝ።

ሰዎቹ ገቡ። አጎቴ ሁመድ አቧራ እንደለበሰ ነው። ጋሽ ወልደገብርኤል ጋቢ ደርበዋል፤ አንድ ሼህ አብረዋቸው አሉ። እትዬ ኮከቤ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ሀብተሥላሴ ከሁሉም ኋላ ቆሟል። እኔ ከእሱም ኋላ ያለውን ሰው እፈልግ ነበር።

"አጎቴ፣ እማዬስ? ታክሲው ውስጥ ናት?"

ሁመድ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

ጋሽ ወልደገብርኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እትዬ ቢልቂስ፣ መቼም የሰው ልጅ የአምላኩ ነው..." ብለው ጀመሩ፤ ድምፃቸው ተቆረጠ፤ እንደገና ጀመሩ። እማማ ዓይኗን ከፊታቸው ሳትነቅል አዳመጠቻቸው። አላቋረጠቻቸውም፤ አላቻኮለቻቸውም። ስሙ ጋ እስኪደርሱ ጠበቀቻቸው። ሲደርሱ ነው የጮኸችው።

"ሀሚዳ! ልጄ! በልተሽ ነው ወይ የሄድሽው?"

ሴቶቹ ተቀበሏት። እኔን ሀብተሥላሴ እጄን ይዞ አወጣኝ። ቤታቸው ማንም የለም። ጌሙን ከፈተ፤ መጨረሻው ድልድይ ድረስ በፍጥነት ወሰደን። ድንጋዩ ላይ ቆመ።

"ተሻገሪ፣ ሀያት። ጨርሺው።"

"እማዬ ትምጣና።"

"ሀያት..."

"እማዬ ትምጣና አብረን ነው የምንጨርሰው አልኩህ!"

ያ ትልቅ ልጅ ጉልበቴ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ያን ጊዜ ገባኝ። ጆይስቲኩን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት። ለቅሶው እስኪያልቅ የኢድ ቀሚሴን አላወለቅኩም። ሰው ሲበተን ሀብተሥላሴ ካሴቱን አምጥቶ ሰጠኝ፤ ጌሙን ከዚያ በኋላ ከቴሌቪዥኑ ጋር አላገናኘውም። እኔ ካሴቱን እንዳይቆሽሽ በዚያ የማንም ራስ በማይሆነው ቆብ ጠቀለልኩት። እማማ ለምን ወሰድሽው አላለችኝም፤ አልጨረሰችውምም።

ባለፈው ክረምት ካሴቱን ከቆቡ አውጥቼ መሰኪያውን በአልኮልና በጥጥ ጠረግኩ፤ ባለሙያ ነኛ። አልሠራም። እፍ፣ እፍ አልኩበት። ሠራ። ያ ቀጭን ሙዚቃው ጀመረ። ቀዩን ይዤ ሮጥኩ፣ ዘለልኩ፣ የመጀመሪያው ወንዝ ጋ ደረስኩና ቆምኩ። ድንጋዩ ላይ የሚቆም የለም። ያለ እሱ የትም አይኬድም። በልደታ ከእኔ የሚበልጥ ያልነበረው ለካ አንድ ሰው ደጋግሞ ስለሰመጠልኝ ነው።

ለሀብተሥላሴ ደወልኩለት። እዚያው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛው ብሎክ ነው የሚኖረው፤ የሒሳብ መምህር ሆኗል፤ መመለጥ ጀምሯል። ጃንጥላውን እያራገፈ ገባ። ማሽኑን ሲያይ "ጀለሴ! አንቺ ልጅ ዛሬም አላደግሽም?" አለኝ፤ ቢጫውን ካሴት ሲያይ ግን ጃንጥላውን እንደያዘ ተቀመጠ። እናቱ ያን ጊዜ ያዘዘችውን፣ የጀነትን ስልክ፣ ሁሉንም የነገረኝ ያን ዕለት ነው።

"እናቴ እስክትሞት ድረስ ትኮራበት ነበር" አለኝ። "'ሁመድ እስኪመጣ ለቢልቂስ ትንፍሽ አላልንባትም' ትል ነበር።"

ቆቡን አንስቼ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። እኔም በትልቅ ሰው ዓይን ያየሁት ካሴቱን ከውስጡ ሳወጣ ነው። መሃሉ ላይ ዙሩ ጠበቅ ያለ፣ የእማማ የወትሮ ሥራ ነው። ጥቂት ከሄደ በኋላ ክሩ ይላላል፤ ከዚያ ወዲያ መጨረሻ የለውም። የላላበት ቦታ ላይ ጣቴን አሳረፍኩ።

"እዚህ ጋ ነው የነገርኳት" አልኩት። "ቀዩን ሰጠኝ፣ ነስረዲን ከረሜላ ሰጠኝ፣ ስልኩ ተበላሽቶ ይጮኻል አልኳት። ታውቅ ነበር፣ ሀብቴ። እናንተ ስትደብቋት እሷም ስትደብቃችሁ ነው የከረመችው።"

ቆቡን ራሱ ላይ አደረገው፤ እስከ ትከሻው ወረደበት። ከውስጥ ሲስቅ ሰማሁት። ከዚያ ሳቁ ቆመ፤ ቆቡን ግን ቶሎ አላወለቀውም።

"ለምን አልተናገረችም?" አለኝ።

"ብትናገር ለቅሶ ይጀመራል። ለቅሶ ከተጀመረ እኔ ጌሙን አልጨርስም።"

ተጫወትን። ሳልጠይቀው ሰማያዊውን ይዟል፤ ወንዝ ባየ ቁጥር ወደ ድንጋዩ ይሄዳል። ጣቶቻችን ሸምግለዋል፤ ደጋግመን ሞትን፤ ደጋግመን ጀመርን። የመጨረሻው ድልድይ ጋ ስንደርስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። አሁንም ወደ ድንጋዩ ሲሄድ "ውረድ" አልኩት። "እኔ ልቁም።"

ቀዩን ድንጋዩ ላይ አቆምኩት። ድልድዩ ተዘረጋ። ሰማያዊው ሰው እየሮጠ ተሻገረ፤ ማዶ መስኮቷ የበራ ትንሽ ቤት አለች። የመጨረሻው ላይ ውሃው ወዲያው አይሞላም፤ የተሻገረው እስኪገባ ይጠብቃል። እኔ ከድንጋዩ መውረድ አልችልም፤ ብወርድ ሁሉም ይፈርሳል። ቁልፉን ስጫን የእኔ ሰው እዚያው ባለበት ይዘላል እንጂ ሌላ የሚያደርገው የለውም።

ካደግኩ በኋላ እማማ ስትሞት፣ ድንኳን ሳስተክል፣ ሰው ሳስተናግድ፣ ስሸኝ ነው ቀኑ ያለፈው። ትልቅ ሰው ሆኛለሁ ብዬ እንባዬን ይዤ ነበር።

ሀብተሥላሴ ሰማያዊውን የትንሿ ቤት በር ጋ አድርሶ አቆመው። ወደ እኔ ዞረ።

"ልግባ?"

እማማን በዚያ አመሻሽ እንደነበረች አየኋት። መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች፤ ልጇ መሞቷን ካወቀች ገና አፍታ አልሞላትም፤ ክሯን ታነሳለች።

"ግባ" አልኩት። "ጨርሰው።"

ገባ። ውሃው መጣ። እኔም ጆይስቲኩን እንደያዝኩ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ፣ ለእማማ አለቀስኩላት።